ኤል ስንት ሜትር ነው? የጥንት የጨርቅ መለኪያዎችን ስለ መለወጥ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የቀረቡት ጥያቄዎች ከልዩ ልዩ አንባቢዎች የመጡ ቢሆኑም ሁሉም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ በመሆናቸው በአንድነት ተመልሰዋል። በጥያቄዎቹም ሆነ በመልሶቹ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን ስለነበረው የአውሮፓ የጨርቅ ንግድ የሚያወሳ መጽሐፍ ወደ አማርኛ በመመለስ ላይ እገኛለሁ። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ የያዘው የሒሳብ መዝገብ በሰፊው ይጠቀሳል። በአንድ ገጽ ላይ «120 የፍላንደርዝ ኤል የተልባ እግር ጨርቅ» ይላል፤ በሚቀጥለው ገጽ «3 ያርድ፣ 2 ሩብና 1 ኔይል ሱፍ» ይላል፤ በሌላ ስፍራ ደግሞ «የእንግሊዝ ኤል» የሚል ይገኛል። ሁሉንም ወደ ሜትር ለመለወጥ ስሞክር ያገኘኋቸው ሠንጠረዦች እርስ በርሳቸው አልተስማሙልኝም፤ ለኤል አንደኛው 114 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 69፣ ሦስተኛው 94 ይሰጣል። የትኛውን ልመን? ስሌቱስ በምን መንገድ ቢሠራ ይሻላል?

መልስ፦ ሦስቱም ሠንጠረዦች ትክክል ናቸው፤ ያልተስማሙት ስለ ሦስት የተለያዩ መለኪያዎች ስለሚናገሩ ነው። 114 ሳንቲ ሜትር ያለው የእንግሊዝን ኤል፣ 69 ያለው የፍላንደርዝን፣ 94 ያለው የስኮትላንድን ይዟል። ኤል የአንድ የተወሰነ ርዝመት ስም አልነበረም፤ በየአገሩ፣ እንዲያውም በየከተማው፣ ጨርቅ የሚለካበት ዘንግ የሚጠራበት የወል ስም ነበር። ስለዚህ ቃሉን በመዝገቡ ላይ ባዩት ቁጥር፣ ከማባዛትዎ በፊት የየትኛው ከተማ ኤል እንደሆነ፣ የተለካው ምን ዓይነት ጨርቅ እንደሆነና መዝገቡ በየትኛው ዓመት እንደተጻፈ መጠየቅ ይኖርብዎታል። ይህን ሳያጣራ የሚያሰላ ሰው የሚያወጣው ቁጥር፣ ከነጥቡ በኋላ ሦስት አኃዝ ቢከተለውም እንኳ፣ ግምት ከመሆን አያልፍም።

ነጋዴው እንግሊዛዊ መሆኑ ግን ሥራዎን በእጅጉ ያቀልልዎታል። የእንግሊዝ የጨርቅ መለኪያ ሥርዓት መሠረቱ 36 ኢንች የሆነው ያርድ ነው። ያርዱ በአራት ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል «ሩብ» ይባላል፤ ይኸውም 9 ኢንች ነው። ሩቡ ደግሞ እንደገና በአራት ሲከፈል 2 ኢንች ከሩብ የሆነው «ኔይል» ይገኛል፤ ኔይል ማለት በእንግሊዝኛ ምስማር ወይም ጥፍር ማለት ነው። አንድ ያርድ እንግዲህ 16 ኔይል አለው። ይህ አከፋፈል ከወረቀት ስሌት ይልቅ ለእጅ የተመቸ ነው፤ አንድ ያርድ ጨርቅ ለሁለት ታጥፎ፣ እጥፉ እንደገና ለሁለት፣ እንዲህ እየተባለ አራት ጊዜ ቢታጠፍ የሚገኘው ስፋት በትክክል አንድ ኔይል ነው፤ ለዚህም መቀስና ጣት እንጂ የልኬት ምልክት ያለበት ማስመሪያ አያስፈልግም።

ኤሎቹም የሚቆጠሩት ከዚሁ ሩብ ያርድ ተነሥተው ነው። የፍላንደርዝ ኤል 3 ሩብ ማለትም 27 ኢንች፣ የእንግሊዝ ኤል 5 ሩብ ማለትም 45 ኢንች፣ በእንግሊዝ የሒሳብ መማሪያዎች «የፈረንሳይ ኤል» የሚባለው ደግሞ 6 ሩብ ማለትም 54 ኢንች ነው። (የመጨረሻው ብዙ ሰው ያሳሳተ በመሆኑ በሚቀጥለው መልስ ራሱን አስችዬ እመለስበታለሁ።) እኔ የምመክርዎ መንገድ፣ በኢንችም ሆነ በሜትር ከመጀመር ይልቅ ሁሉንም ነገር አስቀድመው ወደ ኔይል እንዲያወርዱት ነው። በኔይል ሲቆጠር የፍላንደርዝ ኤል 12፣ ያርድ 16፣ የእንግሊዝ ኤል 20፣ በእንግሊዝ ሠንጠረዥ ያለው የፈረንሳይ ኤል 24 ይሆናል። አራቱም ሙሉ ቁጥሮች ስለሆኑ ክፍልፋይ ሳያስቸግርዎት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ።

የእርስዎን ምሳሌ እንውሰድ። 3 ያርድ 48 ኔይል ነው፤ 2 ሩብ 8 ኔይል ነው፤ ቀሪዋን 1 ኔይል ስንጨምር ድምሩ 57 ኔይል ይሆናል። ይህን ወደ ፍላንደርዝ ኤል ለመለወጥ ለ12 ስናካፍለው 4 ኤል ይደርስና 9 ኔይል ይተርፋል፤ 9 ኔይል ደግሞ 2 ሩብና 1 ኔይል ነው። ወደ እንግሊዝ ኤል ለመለወጥ ለ20 ስናካፍለው 2 ኤል ይደርስና 17 ኔይል ይተርፋል፤ እርሱም 4 ሩብና 1 ኔይል ነው። ወደ ሜትር መሻገር ሲያስፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች በተስማሙበት ውሳኔ ያርድ በትክክል 0.9144 ሜትር ስለሆነ፣ አንድ ኔይል በትክክል 5.715 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። 57 ኔይል 325.755 ሳንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። ነገር ግን በትርጉምዎ ውስጥ «3 ሜትር ከ26 ሳንቲ ሜትር ገደማ» ብለው ይጻፉ እንጂ የአስርዮሹን ጭራ አይጎትቱ። ነጋዴው የለካው ሲጎትቱት የሚለጠጥ፣ ሲረጥብ የሚሰበሰብ ሱፍ ነው፤ ከኔይል ያነሰም አልቆጠረም። ቁጥሩን ከእርሱ ጥንቃቄ በላይ ማጥራት እርሱ ያላለውን ማለት ይሆናል።

120ው የፍላንደርዝ ኤል በዚህ መንገድ 1,440 ኔይል ነው፤ ይህም 90 ያርድ፣ 72 የእንግሊዝ ኤል፣ ወይም 82 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የፍላንደርዝና የእንግሊዝ ኤል ዝምድና 3 ለ5 መሆኑን ካስታወሱ በቃል ማስላትም ይቻላል። ሆኖም እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 27 ኢንች የሚለው የእንግሊዝ ነጋዴዎችና የጉምሩክ ሹሞች ለስሌት እንዲመች የተቀበሉት የተጠጋጋ ቁጥር ነው። በዝቅተኛዎቹ አገሮች፣ ማለትም በዛሬዎቹ ኔዘርላንድና ቤልጅየም፣ ያሉት ከተሞች የየራሳቸው ዘንግ ነበራቸው፤ የአምስተርዳም ኤል 68.8፣ የሄግ ኤል 69.4፣ የብራባንት ኤል ደግሞ 69.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ጨርቁ የተለካው በእነዚያ ከተሞች ሻጭ እጅ ከሆነ 120 ኤል በአምስተርዳም ዘንግ 82.5 ሜትር፣ በብራባንት ዘንግ 83.4 ሜትር ይሆናል። ለአንድ ልብስ የሚሆን ቁራጭ ሲሆን ልዩነቱ አይታይም፤ ለ120 ኤል ግን አንድ ሜትር ያህል ነው፤ መርከብ ሙሉ ጣቃ ሲሆን ደግሞ የነጋዴውን ትርፍ ሊያስረዳ ወይም ሊሰውር የሚችል ልዩነት ይሆናል። መዝገቡ እንግሊዝ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተያዘ ከሆነ በ27 ኢንች ይሂዱ፤ ከአንትወርፕ ወይም ከአምስተርዳም የተላከ የሽያጭ ደረሰኝ ከሆነ ግን የከተማውን ኤል ይጠቀሙ።

በመጽሐፉ ውስጥ የዋጋ ሠንጠረዥ ካለ ደግሞ አቅጣጫው እንደሚገለበጥ አይዘንጉ። መለኪያው ሲረዝም የመለኪያዎቹ ብዛት ያንሳል፤ የአንዱ መለኪያ ዋጋ ግን ይጨምራል። አንድ የእንግሊዝ ኤል 20 ሽልንግ ቢያወጣ፣ ያው ጨርቅ በያርድ 16 ሽልንግ፣ በፍላንደርዝ ኤል 12 ሽልንግ ያወጣል፤ ቁጥሮቹ የኔይሎቹ ቁጥሮች ናቸው። ርዝመቱን ለመለወጥ የተጠቀሙበትን ማባዣ ለዋጋውም ሳይገለብጡት መጠቀም በታሪክ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት ነው፤ አንዴ ከገባ በኋላም የሠንጠረዡን ዓምድ ሁሉ ያበላሻል።

በመጨረሻም መጽሐፉ ወደ 19ኛው መቶ ዘመን የሚዘልቅ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ1820 በኋላ በተጻፉ የኔዘርላንድ ሰነዶች ላይ በተለይ ይጠንቀቁ። ኔዘርላንድ የሜትር ሥርዓትን ስትቀበል ሕዝቡ የለመዳቸውን የድሮ ስሞች አስቀርታ ርዝመታቸውን ብቻ ለወጠች፤ ስለዚህ ከዚያ ዓመት ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1869 በወጣው ሕግ የድሮ ስሞቹ እስኪቀሩ ድረስ፣ በሕግ «ኤል» ማለት አንድ ሙሉ ሜትር ማለት ነበር። በ1815 የተጻፈ 120 ኤል 82 ሜትር ከመንፈቅ ያህል ሲሆን በ1825 የተጻፈው 120 ኤል 120 ሜትር ሊሆን ይችላል። ቃሉም፣ አገሩም፣ ምናልባት የጸሐፊው እጅም አንድ ሆኖ ሳለ ርዝመቱ ግን ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ፈረንሳይ የጨርቅ መለኪያ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች አግኝቻለሁ። በአንድ የቆየ የእንግሊዝኛ ሒሳብ መጽሐፍ 54 ኢንች፣ በአንድ መዝገበ ቃላት 118.8 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላ ደግሞ 120 ሳንቲ ሜትር ይላል። የትኛው ነው ትክክለኛው?

መልስ፦ ፈረንሳዮቹ መለኪያውን «ኦን» ይሉታል። ከፈረንሳይ አብዮት በፊት በፓሪስ ሕጋዊ የነበረው ኦን በ18ኛው መቶ ዘመን የተተመነው በ3 የፓሪስ ጫማ፣ 7 ኢንችና 10 ከአምስት ስድስተኛ መስመር ነው። የፓሪስ ጫማ 12 ኢንች፣ የፓሪስ ኢንች ደግሞ 12 መስመር ስላለው ጠቅላላው 526 ከአምስት ስድስተኛ መስመር ይሆናል፤ አንድ መስመር ከ2.256 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያነሰ ስለሆነ ውጤቱ 118.8 ሳንቲ ሜትር ነው። መዝገበ ቃላትዎ የያዘው ይህንን ነው።

120ው ሳንቲ ሜትር የመጣው ከናፖሊዮን ዘመን ነው። ሕዝቡ ሜትርን ባለመቀበሉ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1812 የወጣው ድንጋጌ «የተለመዱ መለኪያዎች» የተባለ መካከለኛ ሥርዓት ፈቀደ፤ የድሮ ስሞች ተመለሱ፣ ርዝመታቸው ግን ከሜትር ጋር እንዲገጥም ተጠጋጋ። ኦንም በዚህ መሠረት በትክክል 120 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1837 በወጣ ሕግ ተሽሮ ከጥር 1 ቀን 1840 ጀምሮ ሜትር ብቻ ሕጋዊ ሆነ። ስለዚህ በእጅዎ ያለው ሰነድ በ1780 የተጻፈ ከሆነ በ118.8፣ በ1825 የተጻፈ ከሆነ በ120 ያባዙ።

54ቱ ኢንች ግን ሌላ ነገር ነው። 54 ኢንች 137.2 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከፓሪስ ኦን በ18 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። በእንግሊዝ ሠንጠረዥ ውስጥ «6 ሩብ» ሆኖ የተቀመጠ ቁጥር እንጂ የፓሪሱ ሻጭ በእጁ የያዘው ዘንግ አይደለም። 100 ኦን የፓሪስ ሐር በዚህ ሠንጠረዥ ቢለወጥ 137 ሜትር ይወጣል፤ ትክክለኛው ግን 119 ሜትር ያህል ነው። ስሕተቱ ከመቶ 15 ይደርሳል፤ ይህን በሚያህል ስሕተት ላይ የቆመ የንግድ ታሪክ ድምዳሜ ሊታመን አይችልም። የ54 ኢንቹን ቁጥር የሚጠቀሙት ሰነዱን የጻፈው እንግሊዛዊ ራሱ በዚያ ሠንጠረዥ እንዳሰላ ከታወቀ ብቻ ነው።

ከኦን ወደ ያርድ ለሚሻገር ሰው አንድ ቀላል ዝምድና ልስጥ፤ 10 የፓሪስ ኦን ከ13 ያርድ ጋር እኩል ነው ብሎ ማስላት ይቻላል። በ10 ኦን ላይ የሚገኘው ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሲከፋፈልም ኦን ከያርድ የተለየ ጠባይ አለው፤ እንደ ያርድ በግማሽ፣ በሩብ፣ በስምንተኛና በአሥራ ስድስተኛ ብቻ ሳይሆን በሢሶ፣ በስድስተኛና በአሥራ ሁለተኛም ይቆጠር ነበር። በአንድ ደረሰኝ ላይ «7 ኦን ከሁለት ሢሶ» እና «4 ኦን ከሦስት ስምንተኛ» ጎን ለጎን ቢያገኙ ሁለቱን ለመደመር የጋራ ተካፋዩ 24 ነው፤ ድምሩም 12 ኦን ከአንድ ሃያ አራተኛ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የሕግ ታሪክ ተማሪ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1215 የጸደቀው የእንግሊዝ የመብት ቻርተር፣ ማግና ካርታ፣ በ35ኛው አንቀጹ የቀለም ጨርቆች ስፋት «በጠርዞቹ መካከል ሁለት ኤል» እንዲሆን ያዝዛል። የእንግሊዝ ኤል 45 ኢንች ከሆነ ስፋቱ 2 ሜትር ከ29 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ነው። ስሌቴ ልክ ነው?

መልስ፦ ማባዛቱ ልክ ነው፤ የተባዛው መለኪያ ግን ልክ አይደለም። የማግና ካርታ ጽሑፍ የተጻፈው በላቲን ነው፤ ቃሉም «ኡልና» ነው። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ የላቲን ሰነዶች ውስጥ ኡልና የሚባለው ኋላ ያርድ የተባለው የ36 ኢንች መለኪያ ነው። ተርጓሚዎች ቃሉን «ኤል» ብለው ስለመለሱት፣ ዘግይቶ የመጣው የ45 ኢንቹ ኤል ከእርሱ ጋር ተደባለቀ። ስለዚህ ሁለት ኡልና 72 ኢንች፣ ማለትም 1 ሜትር ከ83 ሳንቲ ሜትር ያህል ተብሎ ቢነበብ ይሻላል። «በጠርዞቹ መካከል» የሚለውንም ልብ ይበሉ፤ ጠርዙ ራሱ በልኬቱ ውስጥ አይገባም ነበር።

በዚያው በእንግሊዝ የያርድም ነገር የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ጨርቅ ሻጮች ዘንጉን ጨርቁ ላይ ካስተኙ በኋላ ጫፉ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቀጣዩን ያርድ ከእጁ ማዶ ይጀምሩ ነበር። በዚህ ልማድ ገዢው በእያንዳንዱ ያርድ ላይ አንድ ጋት ያህል ይመረቅለታል፤ መለኪያውም «ያርድና ጋት» ይባል ነበር፤ ይኸውም 40 ኢንች ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1439 የወጣው ሕግ ይህን ከልክሎ በአውራ ጣት ስፋት ማለትም በአንድ ኢንች ተካው፤ «ያርድና ኢንች» የተባለውም ይህ 37 ኢንች የሆነው ነው። የ15ኛውን መቶ ዘመን የሱፍ ጨርቅ መዝገብ የሚያነብ ሰው እንግዲህ ከፊቱ ያለው ያርድ 36 ይሁን 37 ወይም 40 ኢንች ማጣራት አለበት። በ24 ያርድ ጨርቅ ላይ በ36ና በ37 መካከል ያለው ልዩነት 24 ኢንች፣ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። እኔ በበኩሌ ከጨርቅ መለኪያዎች ታሪክ ሁሉ ይህን እጅግ እወደዋለሁ፤ ምርቃቱ ራሱ በሕግ ተለክቶ መገኘቱ፣ ገዢውና ሻጩ በዘንጉ ጫፍ ላይ ስንት ዘመን እንደተከራከሩ ያሳያልና።

ጥያቄ፦ «ኤል» የሚለውን ቃል በአማርኛ «ክንድ» ብሎ መተርጎም ይቻላል? ሁለቱም ከእጅ የመጡ መለኪያዎች ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ የቃሉ ሥር በእርግጥ ያው ነው። ኤል ከላቲኑ ኡልና ጋር የሚዛመድ የጀርመናዊ ቋንቋዎች ቃል ሲሆን መነሻ ፍቺው ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያለው የእጅ ክፍል ነው፤ ክርን በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስምም የተገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ኤል ግን ከሥሩ ርቆ ሄዷል። ክንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፤ የጥንቱ የግብፅ ንጉሣዊ ክንድ እንኳ 52 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። የእንግሊዙ ኤል ግን 114 ሳንቲ ሜትር ነው። «20 ኤል» የሚለውን «20 ክንድ» ብለን ብንተረጉም አንባቢው 10 ሜትር ያህል ያስባል፤ ጨርቁ ግን 23 ሜትር ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው ጨርቅ በትርጉሙ ውስጥ ጠፋ ማለት ነው።

ከዚህም በላይ «ክንድ» የሚለው ቃል በአማርኛ የራሱ ባለቤት አለው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ለዕብራይስጡ «አማ» የተሰጠ ስለሆነ አንባቢው ቃሉን ሲያይ ወዲያው የሚያስበው የኖኅን መርከብና የቤተ መቅደሱን ልኬት ነው። ስለዚህ ኤልን እንደ ያርድና እንደ ኢንች በስሙ እንዲተዉት፣ መጀመሪያ በሚጠቀስበት ስፍራም ከየትኛው ከተማ እንደሆነና ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያስረዱ እመክራለሁ። ከዚያ በኋላ በየገጹ ሜትር ማስገባት አያስፈልግም፤ አንባቢው አንድ ጊዜ ከተነገረው ያስታውሳል። ወደ ክንድ የቀረበ ርዝመት ያላቸው ሆነው «ክንድ» ቢባሉ ብዙ የማያሳስቱት በ55ና በ60 ሳንቲ ሜትር መካከል የሚገኙት መለኪያዎች ናቸው፤ ለምሳሌ የስዊድን «አልን» 59.4፣ የፍሎረንስ «ብራቾ» 58.4 ሳንቲ ሜትር ነበር። ብራቾ በጣልያንኛ ክንድ ማለት ስለሆነ ትርጉሙም ይስማማዋል። ሆኖም በእነዚህም ላይ ከአሥር ሜትር ጨርቅ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚጎድል፣ ልኬቱ ለታሪኩ ፍሬ ነገር በሆነበት ጽሑፍ ውስጥ እኔ አልጠቀምበትም።

ጥያቄ፦ በቪየና በቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል መግቢያ ግድግዳ ላይ ሁለት የብረት ዘንጎች ተተክለው በፎቶግራፍ አይቻለሁ። የጨርቅ መለኪያዎች ናቸው ይባላል፤ ነገር ግን ርዝመታቸው እኩል አይደለም። አንድ ከተማ ለምን ሁለት ኤል ያስፈልገዋል?

መልስ፦ አጭሩ ወደ 78 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሲሆን የሱፍ ጨርቅ ኤል ነው፤ ረጅሙ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ደግሞ የተልባ እግር ጨርቅ ኤል ነው። በአደባባይ በሚገኝ ግድግዳ ላይ የተተከሉት ሻጩን የተጠራጠረ ገዢ ሁሉ ጨርቁን ይዞ መጥቶ ራሱ እንዲለካ ነው። በአውሮፓ ብዙ ከተሞች ይህን አድርገዋል፤ በስኮትላንድ በደንኬልድ ከተማም በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተተከለ የብረት ኤል ዛሬም ይታያል። በስኮትላንድ የኤሉ ዋና አብነት በኤድንብራ ከተማ ዘንድ ይጠበቅ ነበር።

ለየጨርቁ ዓይነት የተለየ ዘንግ መያዝ የቪየና ብቻ ጠባይ አይደለም። በቬኒስ የሱፍ ብራቾ 68.3፣ የሐር ብራቾ 63.9 ሳንቲ ሜትር ነበር። የሐርና የሱፍ ነጋዴዎች በየማኅበራቸው የሚተዳደሩ፣ የየራሳቸው መርማሪና የየራሳቸው ማኅተም ያላቸው በመሆናቸው ዘንጋቸውም ተለይቶ ኖረ። በጃፓን ደግሞ ለአናጺው የሚያገለግለው «ሻኩ» 30.3 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ለጨርቅ የተመደበው «የዓሣ ነባሪ ሻኩ» ከእርሱ በሩብ ይረዝማል፤ 37.9 ሳንቲ ሜትር ነው። ስያሜውን ያገኘው ዘንጉ ከዓሣ ነባሪ አፍ በሚገኘው ተጣጣፊ አጥንት መሰል ነገር ይሠራ ስለነበር ነው።

በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች የከተሞቹ ብዛት ነገሩን ያብሰዋል። የሃምቡርግ ኤል 57.3፣ የፕሩሲያ 66.7፣ የባቫሪያ 83.3 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ረጅሙ ከአጭሩ ወደ አንድ ጊዜ ተኩል ይጠጋል። በጀርመንኛ ደረሰኝ ላይ የጨርቅ ስፋት «6/4» ተብሎ ቢጻፍ የዚያው ከተማ ኤል ስድስት ሩብ ማለት ነው፤ በእንግሊዝ ደረሰኝ ላይ «7/4» ቢጻፍ ግን የያርድ ሰባት ሩብ፣ ማለትም 63 ኢንች ወይም 160 ሳንቲ ሜትር ነው። አጻጻፉ አንድ ሆኖ የሚከፈለው ሙሉ ግን ስለሚለያይ፣ ርዝመቱን በትክክል የለወጡ ሰዎች እንኳ ስፋቱ ላይ ሲሳሳቱ ይታያሉ።

ጥያቄ፦ በአንድ የሩሲያ ሰነድ ላይ «5 አርሺን ከ6 ቬርሾክ» ሐር ይላል። በሜትር ስንት ይሆናል?

መልስ፦ የሩሲያው አርሺን 28 ኢንች ማለትም 71.12 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 16 ቬርሾክ አለው፤ አንድ ቬርሾክ 4.445 ሳንቲ ሜትር ነው። 5 አርሺን 80 ቬርሾክ ስለሆነ ጠቅላላው 86 ቬርሾክ፣ ማለትም 3 ሜትር ከ82 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሰነዱ ከኦቶማን ግዛት የመጣ ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ስሌት አይሠራም ነበር፤ በዚያ የገበያ አርሺን 68 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ የግንበኞች አርሺን ደግሞ ወደ 76 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ነበር፤ ለጨርቅ የሚያገለግለውም የገበያው ነው።